ሁለት ዓይነት ፍሬን

ክረምት ሲገባ፣ አዲስ አበባ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ምግብ የሚያመላልሱ ወጣቶች ሳይክላቸውን ሲያቆሙ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ዝናብ የነካው ዲስክ ፍሬን ሲያዝ የሚያወጣው ረጅምና ቀጭን ጩኸት ነው። ጎረቤቶቼ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ እኔ ግን የያዝኩትን አስቀምጬ ጥቂት እቆማለሁ። ደስ ብሎኝም፣ ከፍቶኝም አይደለም። ልጅ ሆኜ አንኮበር ስንኖር ያ ድምፅ ከጉም ውስጥ ሲመጣ እማዬ «መጣ» ትል ስለነበር፣ ጆሮዬ ዛሬም ጩኸቱን ሲሰማ ከኋላው የሚከተለውን ቃል ይጠብቃል። ቃሉ ሳይመጣ ሲቀር ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

የሚመጣው አባባ ነበር። አባባ የጤና ጣቢያው ክትባት ሰጪ ሲሆን፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ከሐኪም ዝቅ፣ ከዘበኛ ከፍ» እያለ ይመልስ ነበር። አንድ ፕሮጀክት ለጤና ጣቢያው የሰጠው ማውንቴን ሳይክል የሚነዳው ጠፍቶ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ፣ አባባ በልጅነቱ ደብረ ብርሃን እየተከራየ የተማረውን አስታውሶ አወጣትና፣ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላዋ አስሮ ወደ ቆላው መውረድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ ልጅ ያስቸገራት እናት ሁሉ «ዝም ትል እንደሆን ዝም በል፣ ጌታነህን እጠራዋለሁ!» እያለች በአባባ ስም ታስፈራራ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ የኔ ስም «የመርፌው ልጅ» ሆኖ ቀረ፤ አጠገቤ መቀመጥ የሚፈሩ ነበሩ፣ እኔም ሲገፉኝ «ለአባባ እነግርብሃለሁ» እያልኩ ስሙን በደንብ አድርጌ ተጠቅሜበታለሁ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራና መንገዱ ሲጠነክር የአባባ ዋናው ሥራ ይጀመር ነበር። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ሙቀት ውስጥ የሚገባ ስለሆነ፣ ጠዋት ካፖርት ለብሶ የወጣ ሰው እታች ሲደርስ የሸሚዙን ደረት ይከፍታል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሳይክል ማለት ፍሬን ማለት ነው፤ ፔዳል የሚመታ የለም። በዚያን ጊዜ የአባባ ሳይክል ፊትም ኋላም አንድ ዓይነት ፍሬን ነበራት፤ ሁለት ላስቲኮች ቸርኬውን ግራና ቀኝ ቆንጥጠው የሚይዙበት፣ እጅ ጠንክሮ ካልጨበጠው የማይሠራ ፍሬን ነው። በቀኝ እጁ የፊቱን፣ በግራ እጁ የኋላውን እያፈራረቀ፣ አንዱ ሲግል ሌላውን እያሳረፈ ይወርድና፣ እታች ሲደርስ ቸርኬው ላይ ምራቅ ጠብ ቢያደርጉበት ይንጫጫ ነበር። ወደ ማታ ሳይክሏን ጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ሲመለስ ልብሱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ነበር፤ እማዬ ውጭ ትሰጣዋለች፣ ነገር ግን ሽታው እስከ ሌሊት ልብሴ ድረስ ይደርስ ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ የውርጭ ወራት ናቸው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ይነጋል፣ በጣሳ ያደረ ውኃ ቆዳ ያወጣል፣ ጣት አልታዘዝ ብሎ የጫማ ክር ማሰር የማይቻልበት ሰዓት አለ። እኛ ቤት፣ እንደ ሠፈሩ ሁሉ፣ ስለ እጅ መደንዘዝ ማውራት ስለ ጭቃ እንደማውራት ነበር፤ ከውጭ የገባ ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ትንሽ ይቆይና፣ ጣቶቹ ነፍስ ሲዘሩ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ስለዚህ የሻይ ብርጭቆ ከአባባ እጅ ሲያመልጥ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት እማዬ ስትቆልፍለት፣ ፊርማው ሲንሸዋረር፣ ሳንቲም አነሣሁ ብሎ ባዶ ጣቱን ኪሱ ሲከት፣ ለሁሉም አንድ መልስ ነበረን፤ ብርድ ነው። እማዬ ከበግ ፀጉር ወፍራም ጓንት ሠርታ ሰጠችው፣ ጎረቤቶች ነጭ ሽንኩርት አዘዙለት፣ እኔም እሳት ዳር ስንቀመጥ ቀኝ እጁን በሁለት እጄ ይዤ በትንፋሼ አሞቅለት ነበር። «ሞቀህ?» ስለው «ሞቀኝ» ይለኝ ነበር። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ሰው ቀደም ብሎ ይጠይቅ ነበር ይመስለኛል፤ የእኛ አገር ሰው ግን ለደነዘዘ እጅ ምክንያት ፍለጋ አይወጣም፣ ምክንያቱ ደጁ ላይ ቆሞ ያድራላ።

የገና ሰሞን ትምህርት ሲዘጋ አባባ ሳይክሏን መኪና ላይ አስጭኖ እኔን ይዞኝ ወደ አልዩ አምባ ወረደ። ክትባቱን የሚሰጠው ጨርቅና ጨው በምትነግደው በእትዬ ዘይነባ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር፤ እሷ ሳትጠራቸው የአካባቢው እናቶች አይመጡም፣ እሷ ከጠራቻቸው ደግሞ የሚቀር የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ፍየሎቹ እንኳ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። አባባ የክትባቱን ብልቃጥ ሊከፍት ሲታገል አመለጠውና አቧራው ላይ ወደቀ፤ ከልማዱም «ብርድ ነው» አለ። እትዬ ዘይነባ በሳቅ ፈነዳች፤ «ብርድ አሉ ዶክተር? ወላሂ እኔ ብርድ የሚባለውን ነገር እዚህ አገር አይቼው አላውቅም!» አለችና ሴቶቹ ሁሉ አብረው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ አባባም ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ከዚያ እጁን አየች።

«እስቲ ያሳዩኝ» አለችና መዳፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ስነካዎት ይንገሩኝ» አለችው። ጨፈነ። ቆየ። «ጀምሪ እንጂ» አለ። እትዬ ዘይነባ ጥፍሯን ጣቱ ላይ ከተከለች ቆይታ ነበር።

እኔ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ አየሁ። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ይደነግጣል ይባላል፤ እኔ አልደነገጥኩም፣ አላለቀስኩም፣ ምንም አልተሰማኝም፤ የጥፍሯ ምልክት ቆዳው ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ብቻ አይ ነበር። አባባ ዓይኑን ገልጦ እጁን ከጭኗ ላይ አነሣና፣ ሌላ ብልቃጥ አውጥቶ በጥርሱ ከፈተው። እትዬ ዘይነባ «አላህ ይማርዎት» አለችው፣ እሱም «አሜን» ብሎ የሚቀጥለውን ልጅ ጠራ።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አባባና እማዬ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ከአንገቱ ወደ ክንዱ የሚወርደው ነርቭ ተጎድቷል፣ የተረፈውን መጠበቅ ይቻላል፣ የሄደው ግን አይመለስም አለ፤ ሳይክል ስለ መንዳት ሲጠየቅም ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ሊያስቀምጠው ፈቃደኛ ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ እግዚአብሔርን አመሰገነች፣ አባባ ግን «መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሁን?» አለ፤ እሱ ካልወረደ ማን እንደሚወርድ ያውቃል፣ ሌሎቹ ሁሉ ቁልቁለቱን ሲያዩ የሚያማቸው ነገር አያጡም ነበር። «ሞትህን እታች ድረስ ወርደህ ከምታመጣ ቤትህ ተቀመጥ» አለችው እማዬ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ጠብ የለ፣ ወሬ የለ፤ እሱ መውረድ ይፈልጋል፣ እሷ እንዲቀር ትፈልጋለች፣ ሁለቱም ከአንድ መሶብ ይበሉ ነበር።

ወንድሜ ሙሉጌታ ደብረ ብርሃን የቴክኒክ ተማሪ ነበር። የዐቢይ ጾም እንደገባ ከአሮጌ ብረት ነጋዴዎች ያገኘውን የአንድ የተሰባበረ ዘመናዊ ማውንቴን የፊት ጎማና ጎማውን የሚይዘውን ሹካ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መጣ። ጎማው መሐል ላይ ሰሐን የሚያክል ቀጭን የብረት ዲስክ አለ፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ትቶ እሱን ነው የሚይዘው። «ይሄ አቅም አይፈልግም አባባ፤ በአንድ ጣት ብትነካው ይበቃዋል» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ዋለ። ለኋላው ጎማ ዲስክ ሊገጥም አልቻለም፣ የሳይክሏ ቴላዮ፣ ማለትም ዋናው አካሏ፣ የዲስክ ማሰሪያ አልነበረውምና አሮጌው ላስቲክ ባለበት ቀረ። እንዲህ ሆኖ ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ላስቲክ የሆነች ሳይክል ሆነች፤ የፊቱ ፍሬን እንደ ድሮው በቀኝ እጅ ስለሚያዝም፣ ቀላሉ ፍሬን ለደከመው እጅ ደረሰ። ሙሉጌታ በሥራው ኮራ፣ የአባባም ጥርስ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

እማዬ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። «ሙሌ» አለችው ቀና ሳትል፣ «እሱ ያጣው አቅሙን ብቻ አይደለም፤ ልኩን ነው ያጣው። ትናንት ከዶሮዋ ሥር እንቁላል አንሥቶ ሊያቀብለኝ ሲል ጣቱ መሐል ነው የፈሰሰው። እሱ እኮ በቀስታ የያዘ መስሎት ነበር።»

ሙሉጌታ «እስቲ ይሞክራት» አለ። ከቤታችን ፊት ለፊት ወደ መስኩ የሚወርድ ለስላሳ ቁልቁለት አለ፤ አባባ ወጣባትና ለቀቃት፣ እኛም ቆመን ስናይ ደህና እየወረደ ሳለ ፍሬኑን ሊነካ ቀኝ እጁን ጨበጠ። የፊት ጎማው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ፣ የኋላው ወደ ሰማይ ተነሣ፣ አባባም በመሪው ላይ አልፎ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ሮጠን ስንደርስ ተቀምጦ ከንፈሩን በእጅጌው ይጠርግ ነበር፤ እጁን አገላብጦ አየው፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው። «ይነክሳል» አለ። የሳቀ አልነበረም። እማዬ ከደጃፉ አልተነሣችም፣ ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች፣ ጣቶቿ ግን ጠጠሩንም ምስሩንም ወደ አንድ ወገን ይጥሉ ነበር።

በነጋታው ሙሉጌታ የሁለቱን ገመዶች ቦታ አለዋወጠ። የሚነክሰው ዲስክ ወደ ግራ፣ ጤነኛው እጅ ሄደ፤ አሮጌው ላስቲክ ወደ ቀኝ መጣ። የኋላው ላስቲክ ከማርጀቱ የተነሣ እንደፈለጉ ቢጨብጡት ጎማውን ያዘገየዋል እንጂ ቀጥ አያደርገውም፤ ልክ ለማያውቅ እጅ፣ ልክ የማይጠይቅ ፍሬን ተገኘለት ማለት ነው። አባባ መስኩ ላይ ደጋግሞ ሲወጣና ሲወርድ ሰንብቶ፣ ለኋላው ጨበጥ፣ ለፊቱ ነካ ማድረግን ለመደ። የተለያዩ ፍሬኖችን አንድ ሳይክል ላይ ማዋል ጥሩ አይደለም፣ ሰው እጁ ይምታታበታል ብሎ አንድ የሙሉጌታ ጓደኛ ሲናገር ሰምቶ፣ «የኔ እጆች ከተምታቱ ቆይተዋል» አለ።

ከፋሲካ በኋላ መውረዱን ቀጠለ። መርፌውንም በዚያው ወደ ግራ እጁ አዞረው፤ እማዬ ከቆላ ያስመጣችውን ሎሚ ማዕድ ላይ ደርድሮ፣ ሲሪንጅ ውኃ ሞልቶ፣ አንድ በአንድ እየወጋ ሲለማመድ ያመሽ ነበርና ሎሚዎቹ ሲጨመቁ ውኃ ውኃ ይሉ ነበር። ቀኝ እጁ የቀረለት ሥራ የልጆቹን ክንድ መያዝ ብቻ ሆነ። እኛ ሁላችን፣ እማዬ ጭምር፣ ሐሳባችን ቁልቁለቱ ላይ ነበር፤ ሲወጣ የፍሬኑን ገመድ እንፈትሻለን፣ ሲመለስ መጀመሪያ የምናየው ጉልበቱንና ክርኑን ነበር፣ ጭረት ከሌለ ቀኑ ደህና ዋለ ማለት ነው።

ክረምቱ ሲመጣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንደራችንን ይውጠው ነበር። እማዬ የመኪናው ሰዓት ሲደርስ ሥራዋን ሳትተው ጆሮዋን ብቻ ወደ ውጭ ታደርጋለች። አባባ ከመኪና ወርዶ የመጨረሻዋን ቁልቁለት ወደ ቤት ሲመጣ እርጥቡ ዲስክ ይጮህ ነበር፣ የኋላው ላስቲክ ደግሞ ውኃ ሲነካው ጭራሽ ስለማይዝ የሚሰማው ያው አንዱ ብቻ ነበር። «መጣ» ትላለች። ደስ ብሏት እንደሆነ በድምፅዋ መለየት አልችልም ነበር፤ ዝናብ መጣ እንደምትለው ነበር የምትለው። ከዚያ ተነሥታ እግሩን የሚታጠብበትን ውኃ ታሞቃለች፣ ሙቀቱንም በራሷ ክርን ትለካለች፣ እሱ ቀኝ እጁን ቢነክርበት አያውቀውምና።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን አባባ እንደወትሮው መጣ፣ እግሩን ታጠበ፣ ማዕድ ቀርቦ ተቀመጠ። ጭረት አልነበረበትም። እንጀራውን ቆርሶ መልሶ አስቀመጠውና እማዬን ሳያይ ተናገረ።

«ዛሬ የዘይነባን የልጅ ልጅ ስከትብ ክንዷን ይዤ ነበር» አለ። «አለቀሰች። ልጅ ሲወጋ ያለቅሳል፤ መርፌውን ነቅዬ ከጨረስኩ በኋላም ታለቅሳለች፣ እኔ አባብላለሁ። እናቷ ናት መጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቀቻቸው። ክንዷ ላይ አምስቱም ጣቴ አለ።»

«ዘይነባ ምን አለች?» አለች እማዬ።

«ምንም። ልጅ ናት ይሽርላታል አለችኝ። ውኃ አምጥታ አጠጣችኝ።» የቆረሰውን እንጀራ ገፋ አደረገና፣ «ስንቱን ልጅ እንዲህ ይዤው እንደነበር አላውቅም አስካለ። ሁሉም ነው የሚያለቅሱት» አላት፣ እማዬን በስሟ ጠርቶ።

እማዬ ከጥር ጀምራ የተመኘችው የአባባ መቅረት ያን ማታ ደጅዋ መጣላት። ደስ የሚላት መስሎኝ አየኋት። እንጀራ ጨመረችለት፣ ወጡን ወደ እሱ አስጠጋች፣ «ብላ» አለችው፣ እሱም በግራ እጁ በላ። ማንም አላለቀሰም። እኔ ከዚያ በፊት አባባን ስወድደው ከመርፌውና ከሳይክሉ ጋር ነበር፤ ያን ማታ ሁለቱም ከላዩ ሲወርዱ የቀረውን ሰው ምን ብዬ እንደምወድደው አላወቅሁም። ይህን የማስበው ዛሬ ነው፤ ያኔ ተነሥቼ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ።

በአዲሱ ዓመት ለተተካው ወጣት ሳይክሏን ሲያስረክብ አብሬው ነበርኩ። ሙሉጌታ በአባባ ትእዛዝ ገመዶቹን ወደ ድሮ ቦታቸው መልሷቸው ነበር። «የፊቷ ይነክሳል፣ የኋላዋ ይለግማል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቁልቁለት አትውረድባት» አለው አባባ። ወጣቱ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጥቶባት ሄደ፣ አባባም መዝገብ ቤት ገብቶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ተቀመጠ። ወደ አልዩ አምባ ዳግመኛ አልወረደም፤ ለገበያም፣ ለለቅሶም።

አሁን እሱና እማዬ ደብረ ብርሃን ከሙሉጌታ ጋር ይኖራሉ። በበዓል ልጄን ይዤ ስሄድ አባባ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ አገኘዋለሁ። የልጅ ልጁን አቅፎ አያውቅም፤ አልጋ ላይ አስቀምጬለት እንኳ እጁን ጋቢው ውስጥ ይሰበስባል፣ እኛም አናስገድደውም። ልጄ ግን አትተወውም። ጋቢውን ገልጣ ገብታ ቀኝ እጁን ትፈልግና፣ አመልካች ጣቱን በሙሉ መዳፏ ጨብጣ፣ እዚያው ጎኑ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሱ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ መንገዱ ያወራኛል፤ ያኔ ስለ አንድ ነገር ብዙ የማያወራው ሰው አሁን ወሬ ይወድዳል። ባለፈው ፋሲካ በወሬው መሐል ድንገት አቆመና፣ ወደ ጋቢው ሳያይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ለቀቀችኝ?»

«አልለቀቀችህም አባባ» አልኩት፤ «አሁንም ይዛሃለች።»